ደጃፋችን ለአላፊ አግዳሚው ምን ይለዋል?

ባለፈው ዓመት ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ከሥራ ወደ ቤቴ በእግሬ ስመለስ፣ ከቤቴ አራት መንገድ ያህል ራቅ ብሎ ከሚገኝ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆምኩ። የቤቱን ባለቤቶች አላውቃቸውም። ከፊት ባለው ሣር ላይ፣ ልክ በእግረኛው መንገድ ዳር፣ በእንጨት ቋሚ ላይ የተተከለች የርግብ ቤት የምታክል ሣጥን አለች። በሯ መስተዋት ነው፤ ውስጧ መጻሕፍት ተደርድረዋል። የፈለገ ይወስዳል፣ የተረፈው ያስቀምጣል፤ ጠያቂም ተቆጣጣሪም የለም። አሜሪካ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ይህችን የመሰለች ሣጥን በየሠፈራችሁ ሳታዩ አትቀሩም። እኔም ለዓመታት እያየኋት አልፍ ነበር። የዚያን ዕለት ግን በእንግሊዝኛዎቹ መጻሕፍት መካከል የራሳችንን ፊደል አየሁ።

አወጣሁት። ጀርባው የተላላጠ፣ የቆየ ልብ ወለድ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የአንድ ሰው ስም፣ ከሥሩም «አዲስ አበባ፣ 1971 ዓ.ም.» የሚል ተጽፎበታል። እኔ በዚያ ሠፈር ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በአካባቢው ሌላ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለቤቱ ቤት ሲቀይሩ ይሆን፣ ወይስ እሳቸው አርፈው ልጆቻቸው ዕቃ ሲያወጡ ይሆን መጽሐፉ እዚያ የደረሰው? ይህን ላውቅ አልችልም። ከአእምሮዬ ያልወጣው ሐሳብ ግን ሌላ ነው። እኚያ ሰው በእኔ ደጅ፣ እኔም በእሳቸው ደጅ ስንት ጊዜ አልፈን ይሆናል። የሁለታችንም ደጅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስማቸውን ያነበብኩት በሦስተኛ ሰው ደጃፍ ላይ ነው።

በመጽሔቶች የሒስ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚተቸው መጽሐፍ፣ ዘፈን ወይም ቴአትር ነው። እኔ ዛሬ የምተቸው ሰዎች በገዛ ደጃፋቸው የሚሠሯቸውን የፈጠራ ሥራዎች ነው። እነዚህ ሥራዎች እንደ ማንኛውም ጥበብ ሊመሰገኑም ሊነቀፉም ይገባል። ከዚያም በላይ ነገሩ እኛን ስደተኞችን ይነካናል፤ እንዴት እንደሚነካን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከመጽሐፉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

የሙዚየም ተመልካች ሊያይ አስቦ፣ ለብሶና ቲኬት ቆርጦ የሚመጣ ሰው ነው። የደጃፍ ሥራ ተመልካች ግን ዳቦ ሊገዛ የወጣ፣ ውሻውን የሚያንሸራሽር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ነው። ለማየት አልተዘጋጀም። ሥራው በጥቂት ርምጃ ውስጥ ካላስቆመው አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ መመዘኛውም የተለየ መሆን አለበት። እኔ ሦስት ጥያቄዎች እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሥራው የተሠራው ለማን ነው፤ ለአላፊው ነው ወይስ ለባለቤቱ ክብር? ሁለተኛ፣ የተሠራው ከምንድን ነው፤ በእጅ ካለው ነገር ነው ወይስ ከሱቅ ተገዝቶ የመጣ ነው? ሦስተኛ፣ ለአላፊው የሚሆን ቦታ ትቶለታል ወይ? ማለትም የሚነካው፣ የሚጨምረው፣ የሚወስደው፣ ወይም ቢያንስ ቆም ብሎ የሚያስብበት ነገር አለው ወይ?

በዚህ ሚዛን በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች ያቆመ ባለጸጋ ይወድቃል። አንበሶቹ አስቀያሚ ስለሆኑ አይደለም። የሚናገሩት «ያለኝን እዩ» የሚለውን ብቻ ስለሆነ ነው። አላፊውም አይቶ ያልፋል፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም።

የአንድ ስደተኛ ግንበኛ ሥራ

ከዚህ ዓይነት ሥራዎች ሁሉ ስመ ጥሩው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ዋትስ በሚባለው ሠፈር ይገኛል። በመጠን ትንሽ ነው ለማለት አይቻልም፤ የረጅሙ ግንብ ቁመት ወደ 30 ሜትር ይጠጋል። አሠራሩ ግን የትንሽ ሥራ አሠራር ነው። ሳባቶ ሮዲያ የተባለው ሰው ከደቡብ ጣልያን በልጅነቱ ተሰዶ የመጣ የቀን ሠራተኛና ሸክላ አንጣፊ ነበር። በ1921 በባቡር ሐዲድ አጠገብ ባለች ሦስት ማዕዘን ቁራሽ መሬት ላይ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ እስከ 1954 ድረስ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቀን ለሰው ሲሠራ እየዋለ በትርፍ ጊዜው የራሱን ሠራ። ረዳት አልነበረውም። መሐንዲስም አላማከረም። ፌሮውን በባቡሩ ሐዲድ ሥር እያስገባ ያጎብጠዋል፣ በሽቦ ይጠፍረዋል፣ በሲሚንቶ ይለብጠዋል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተሰበረ ሳሕን፣ የሸክላ ስባሪ፣ ዛጎል፣ የለስላሳና የመድኃኒት ጠርሙስ ስባሪ ይለጥፍበታል። ከግንበኞቻችን አፍ የማይጠፋው «ፌሮ» የሚለው ቃልም የዚሁ ሰው አገር ቃል ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የጠርሙስ ስባሪና ሲሚንቶ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው ነገር አለ። በድንጋይ አጥር አናት ላይ በሲሚንቶ የተተከለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴና ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ሹል ስባሪ ነው። ሌባ እንዳይዘል የተተከለ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዕቃው አንድ ነው። ጠርሙሱም ያው፣ ሲሚንቶውም ያው፣ ግንበኛውም እንደ እኛው ግንበኛ የጉልበት ሠራተኛ ነው። የእኛ ስባሪ አላፊውን «አትጠጋ» ይለዋል፣ የሮዲያ ስባሪ «ቅረብና እይ» ይለዋል። ሮዲያ አጥር አልሠራም ማለት አይደለም፤ ሠርቷል። ነገር ግን አጥሩን ራሱን በሸክላና በስባሪ ስላስጌጠው ደጅ የሚቀር ሰው እንኳ ባዶ እጁን አይሄድም።

ለሥራውም ስም አወጣለት። ስሙን ያወጣው በገዛ ቋንቋው በጣልያንኛ ሳይሆን በስፓኒሽ ነው፤ «ኑዌስትሮ ፑዌብሎ» አለው፤ «መንደራችን» ወይም «ሕዝባችን» እንደ ማለት ነው። «ግንቤ» አላለም፣ «አገሬ» አላለም። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ይህ ስም ብቻውን ይመልስልኛል።

ጉድለት የለበትም አልልም። ሮዲያ ብቻውን ጀምሮ ብቻውን ጨረሰ። በ1954 ሥራውን ካቆመ በኋላ ቦታውን ለጎረቤት ትቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ተመልሶም አላየውም። ሥራውን የሚወርስ ደቀ መዝሙር አላፈራም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግንቦቹ ለጠላት ምልክት ማስተላለፊያ ናቸው ተብሎ ተወርቶበት ነበር፤ ስደተኛ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነቱን ሐሜት ያውቀዋል። በ1957 ከተማው አደገኛ ናቸው ብሎ እንዲፈርሱ ወሰነ። በ1959 ሁለት ወጣቶች ቦታውን በ3,000 ዶላር ገዙትና ከከተማው ጋር ተሟገቱ። በመጨረሻ ፈተና ተደረገ፤ የ10,000 ፓውንድ ጉልበት ግንቡን ሳበው፤ ግንቡ አልተነቃነቀም፣ የሚስበው መሣሪያ ግን ጎበጠ። ሮዲያ በ1965 ሐምሌ ሞተ። በሚቀጥለው ወር ዋትስ በሁከት ሲነድ ግንቦቹን የነካቸው ሰው አልነበረም። በ1990 የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። ሠሪው ወራሽ ባያዘጋጅም ሠፈሩ ወረሰው ማለት ነው።

ትንንሾቹ

ሠላሳ ሦስት ዓመት የሌለው ሰውስ? እዚህ ላይ ወደ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ልውሰዳችሁ። በዚያች ከተማ በአሮጌ የእግረኛ መንገዶች ጠርዝ ላይ የብረት ቀለበቶች አሉ። ድሮ ሰዎች ፈረሳቸውን ያስሩባቸው የነበሩ ናቸው። መኪና ከመጣ ወዲህ ማንም አያያቸውም፤ ሰው በላያቸው ይራመዳል። በ2005 ስኮት ዌይን ኢንዲያና የሚባል ሰው አንዲት የፕላስቲክ መጫወቻ ፈረስ አምጥቶ በአንዱ ቀለበት ላይ በገመድ አሰራት። ሌሎችም አይተው በየደጃቸው አሰሩ። ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ መጫወቻና አንድ ክንድ ገመድ።

በእኔ ግምት ይህ ከሁሉም የረቀቀ ሥራ ነው። ስለ ከተማዋ ታሪክ ትልቅ ሰሌዳ ቢተከል ስንት ሰው ያነበው ነበር? ፈረሲቱ ግን ሕፃኑን ታስቆመዋለች፤ ሕፃኑ አባቱን «ለምን እዚህ ታሰረች?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባትየው ለዓመታት የረገጠውን ቀለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል። ሥራው አዲስ ነገር አልገነባም። የነበረውን አሳየ። ማንም ሰው የራሱን ፈረስ ሊያስር ስለሚችልም ለአላፊው ቦታ ትቷል። ጉድለቱ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት እንደ መጀመሪያው አለማስደነቁ ነው።

በዚያው ከተማ በ1996 የአንድ ሠፈር ነዋሪዎች የሚኖሩበትን መስቀለኛ መንገድ አስፋልቱን ቀለም ቀቡት፤ በየማዕዘኑም የልጆች መጫወቻ ቤት፣ መጻሕፍት የሚለዋወጡበት መደርደሪያና ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት ሻይ ቀድቶ የሚጠጣበት ቦታ አዘጋጁ። ከተማው መጀመሪያ ተቃወመ፤ ኋላ ግን ደንብ አውጥቶ ፈቀደው። ስለዚያ ሻይ ሳነብ ፈገግ አልኩ። «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» የሚባል ልጅ በየቤቱ ሲላክ ላደግን ሰዎች ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ እነሱ ሻዩን መንገድ ላይ አውጥተው ማንነቱን ለማያውቁት ሰው መተዋቸው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከዋትስ ብዙ በማይርቅ የሎስ አንጀለስ ሠፈር ይገኛል። ሮን ፊንሊ የሚባል የልብስ ንድፍ ባለሙያ በ2010 ከቤቱ ፊት፣ በእግረኛውና በመኪናው መንገድ መካከል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ አትክልትና ፍራፍሬ ተከለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያ ሠፈር ትኩስ አትክልት የሚሸጥ ሱቅ በቅርብ አይገኝም ነበር። ያቺ ቁራሽ መሬት ደግሞ የሚንከባከባት ነዋሪው ቢሆንም የምታስተዳድራት ከተማዋ ናት፤ ስለዚህ ክስ ደረሰው። ጎረቤቶቹና ደጋፊዎቹ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ከተማው ክሱን ተወው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደንቡን ለወጠ። እዚህ ላይ ውበቱና ጥቅሙ አንድ ሆነዋል። የሱፍ አበባው ያስቆማል፣ የራበው ይቆርጣል።

አሁን ወደ መጽሐፍ ሣጥኗ ልመለስ። የመጀመሪያዋን የሠራት ቶድ ቦል የሚባል የዊስኮንሲን ሰው ነው። በ2009 ከአሮጌ የጋራዥ በር እንጨት የአንድ ክፍል ትምህርት ቤት ምስል ያላት ሣጥን ሠርቶ መጻሕፍት ሞላባትና ደጁ ላይ ተከላት። እናቱ መምህርት ነበሩ፤ ሣጥኗን የሠራት ለእሳቸው መታሰቢያ ነው። ከዚያች አንዲት ሣጥን ተነስቶ ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ከ150,000 በላይ ተመዝግበዋል። እሱ ራሱ በ2018 አርፏል።

የመጀመሪያዋ ሣጥን በሦስቱም ጥያቄዎች ፊት ትቆማለች። እንጨቱ በእጅ የነበረ ነው፣ ምክንያቱ የልብ ነው፣ አላፊውም ይወስዳል ይጨምራል። አንድ መቶ ሺኛዋ ሣጥን ግን? ዛሬ ሣጥኗ ተሠርታ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ትሸጣለች፤ ቁጥር ያለው ሰሌዳ ይለጠፍባታል። በ2017 ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች በጻፉት ጥናት ሣጥኖቹ በብዛት የሚታዩት ቤተ መጻሕፍት በቅርብ ባለባቸው፣ ኑሮም በተሻሻለባቸው ሠፈሮች መሆኑን አመልክተዋል። ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ከሱቅ ተገዝታ የመጣችው ሣጥን ወደ ሲሚንቶ አንበሶቹ እየተጠጋች ነው፤ «መጽሐፍ ወዳድ መሆኔን እዩ» ማለት ጀምራለች። ሆኖም አንድ ነገር ያድናታል። ውስጧ የሚገባውን ባለቤቱ አይመርጥም። ከአዲስ አበባ የመጣውን መጽሐፍ እዚያ ያስቀመጠው ሠፈሩ ነው።

ጎረቤት ሲቀየምስ?

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ የሚወደዱ ናቸው። ሒስ ግን የማይመቸውንም መጥቀስ አለበት። በዲትሮይት ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሃይድልበርግ በሚባል መንገድ ላይ ታይሪ ጋይተን የሚባል ሠዓሊ በ1986 ከአያቱ ጋር ሆኖ ሠፈሩን ማስጌጥ ጀመረ። ሠፈሩ ነዋሪዎቹ የሸሹት፣ ቤቶቹ የወናቸው ሠፈር ነበር። ጋይተን ባዶ ቤቶችን በቀለም ነጠብጣብ ሞላ፤ የተጣለ አሻንጉሊት፣ ጫማ፣ የመኪና ጎማ፣ የተሰበረ ወንበር በግድግዳና በዛፍ ላይ ሰቀለ። ከሩቅ አገር ሰዎች ሊያዩ መጡ። ከተማው ግን በ1991 እና በ1999 በግሬደር አፈረሰው፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ያልታወቁ ሰዎች ቤቶቹን ደጋግመው በእሳት አጋዩ።

ይህን ሥራ አከብረዋለሁ። ሰው ዓይኑን ያዞረበትን ሠፈር ዓለም እንዲያየው አድርጓል። ነገር ግን ከጎረቤቶቹ መካከል ያልወደዱትም ነበሩ፤ የእነሱንም ነገር መስማት ተገቢ ነው። በየቀኑ በመስኮትህ የተሰቀለ አሮጌ ጫማ ማየት፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ድህነትህን ፎቶግራፍ ሲያነሳ መዋል ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይከብዳል። ሥራው የተሠራው ለአላፊው ነው፤ አላፊው ግን ማነው? በአውቶቡስ መጥቶ የሚሄደው ጎብኚ ነው ወይስ በየማለዳው በዚያ የሚያልፈው ጎረቤት? እኔ ጎረቤቱን አስቀድማለሁ። ለደጃፍ ሥራ ትንሽ መሆን የሚበጀውም ለዚህ ነው። ፈረሲቱን ያልወደደ ሰው አልፏት ይሄዳል፤ የሰው መንገድ አትዘጋም።

ደንብም በየቦታው ይመጣል። በ2014 በካንሳስ ግዛት ሊውድ በምትባል ከተማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደጁ ላይ ያቆማትን የመጽሐፍ ሣጥን እንዲያነሳ ታዞ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ የከተማው ምክር ቤት ደንቡን አላላ። ዋትስም፣ ፖርትላንድም፣ ሎስ አንጀለስም የሆነው ይኸው ነው። ደንቡ የተለወጠው ጎረቤት ከሠሪው ጎን በቆመበት ቦታ ነው።

እኛስ?

በአገራችን እንግዳ መቀበል እንዳለ ማንም አይጠራጠርም። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደረሰ ራቱ ራት፣ መኝታው መኝታ ነው። ጥበባችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአጥር ውስጥ ነው። በዘይትና በቀለም ቆርቆሮ የተተከለው አበባ በረንዳ ላይ ነው፤ የሐረር ቤት ስፌትና ሳሕን የተደረደረው ከውስጥ ግድግዳ ላይ ነው፤ ቄጠማው የሚጎዘጎዘው ከደፍ ወዲህ ነው። ከዚህ የተለየም አለን። በሐላባ ገጠር የቤቱ ግድግዳ በሥዕል ያጌጣል፤ የመስቀል ደመራ በአደባባይ ይቆማል፤ ለቡሄ ልጆች ደጅ ለደጅ እየዞሩ ይጨፍራሉ። ሆኖም በጠቅላላው ሲታይ የእኛ መስተንግዶ የሚጀምረው አንድ ሰው በአጥሩ በር ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በምንኖርበት አገር «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ የለም። ሰው ከመምጣቱ በፊት ይደውላል፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ ጨርሶ አይመጣም። ስለዚህ ደግነታችን ከበሩ ወዲያ ተቀምጦ የማይመጣውን ጥሪ ይጠብቃል። እንጀራው ተጋግሯል፣ ቡናው ይጨሳል፣ ከውጭ የሚታየው ግን የተዘጋ መጋረጃና የታጨደ ሣር ነው። የድንጋይ አጥር የለንም፤ የጠርሙስ ስባሪውን ግን በልባችን ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። የደጃፍ ሥራ ማለት እንግዲህ ላልተጣራ ሰው «አቤት» ማለት ነው።

ምክንያት እንዳለን አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን። ሁለት ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ለአበባ ጊዜ የለውም። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሠፈር የበር ቀለም እንኳ በፈቃድ ነው። በስደት ላይ ያለ ሰው ዓይን ውስጥ መግባት አይፈልግም፤ ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ነገ አገሬ እገባለሁ» የሚል ሰው የሰው አገር ደጃፍ ላይ ምን ብሎ ይተክላል? ይህን «ነገ» እየጠበቅን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፈን አለን። ልጆቻችን ያደጉት በእነዚህ ዝም ባሉ ደጃፎች ላይ ነው። «ቤታችሁ የቱ ነው?» ሲባሉ የሚጠቅሱት ምልክት የላቸውም።

ደጃፋችን ሲናገርም ብዙ ጊዜ በባንዲራ ነው። አልነቅፈውም። እንደ ሒስ ጸሐፊ ግን ልንገራችሁ፤ ባንዲራ ለማያውቀው አላፊ ቀለም ብቻ ነው፣ ለሚያውቀው ደግሞ «የትኛውን ሰቀለ?» የሚል ክርክር ነው። ለሁለቱም ቦታ አይተውም። ከዚያ ይልቅ ጤና አዳምና በሶብላ የተተከለባቸው ሁለት ቆርቆሮዎች በእግረኛው መንገድ ዳር ቢቀመጡና «ቅጠሉን አሽትቱት» የሚል ጽሑፍ ቢኖርባቸው፣ ፈረንጁ ያሸታል፤ የአገር ልጅ ከሆነ ደግሞ የቤቱን በር ያንኳኳል። ወደ በሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሚንቶ ሳይደርቅ ልጆች በጣታቸው ሀ፣ ሁ፣ ሂ ቢጽፉ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እየረገጠ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። አሮጊት እናት ያላችሁ አንድ አግዳሚ ወንበር ደጅ አውጡላቸው፤ ነጠላቸውን ለብሰው ቢቀመጡ፣ ቋንቋ ባይችሉም ሰላምታ መለዋወጥ ይችላሉ። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አስቀድሞ የከተማውን ደንብ፣ የማኅበሩን ውልና የአከራዩን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሊነሳ የሚችል ነገር ከሆነ ጣጣው ያንሳል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትኖሩ፣ በአውሮፓ ከተሞች በስድስተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ ደግሞ «ደጅ የለንም» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ደጅ የሌለውን ሰው ደጅህን አስጊጥ ማለት ቀልድ ይሆናል። ነገሬ በዋናነት ደጅ ኖሮን ዝም ላሰኘነው ነው። መስኮት ወይም የደረጃ ጥግ ያለው ግን አንዲት ቆርቆሮ አይነፈገውም።

የሳጥኗን መጽሐፍ ወስጄ አነበብኩት። ስጨርስ ከራሴ መደርደሪያ ሌላ የአማርኛ መጽሐፍ መርጬ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜንና ስልኬን ጽፌ በቦታው አስቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት እዚያው ቆየ። በአራተኛው ሳምንት የለም። ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ የደወለልኝም ሰው የለም። ሚያዝያ ሲገባ ግን በደጄ ላይ በሶብላ የተከልኩባቸውን ሁለት የዘይት ቆርቆሮዎች አስቀምጫለሁ። ፖስታ አመላላሹ በየቀኑ አንድ ቅጠል ቀንጥሶ ያሸታል፤ ስሙንም ነግሮኛል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በደጃችሁ ወይም በሠፈራችሁ ሰውን የሚያስቆም እንዲህ ያለ ሥራ ካለ ለመጽሔታችን ጻፉልን። ባይኖር ደግሞ ዛሬ ከቤት ስትወጡ መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ ኋላ ዞር በሉና የራሳችሁን ደጃፍ እንደ አላፊ አግዳሚ እዩት።